ስለ ማድ ቤት ፍርሀትና ስለ ማዕድ በረከት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር ከቤተ መቅደስ ሳይሆን ከማድ ቤት የተነሣ ነው። ምናልባት ከመካከላችሁ «ቄስ ስለ ድስትና ስለ ምጣድ ምን አገባው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ሰው ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመው በቀን አንድ ጊዜ ቢሆን፥ ወደ ማዕድ የሚቀርበው ሁለትና ሦስት ጊዜ ነው። ከቅዳሴ ወጥቶ እግዚአብሔርን ብቻ እፈራለሁ ያለ ክርስቲያን፥ ቤቱ ገብቶ የጎረቤቱን ዐይን፥ የቡናውን አተላ፥ የዶሮውን መልክ ሲፈራ ብንመለከት፥ እምነቱ የምትፈተነው ከዚያው ከምድጃው ዳር መሆኑን እንረዳለን።

በየቤታችን ያለውን እስቲ እንቍጠረው። ሊጥ ሲቦካ እንግዳ እንዳያየው ይከደናል። እንጀራው ዐይን ሳያወጣ ቢቀር «ሰው አይቶብኝ ነው» ይባላል። ድስት የሚልስ ልጅ በሰርጉ ቀን ዝናብ ይዘንብበታል ይባላል። ማታ ቤት የጠረገች ሴት በረከቷን ትጠርጋለች ይባላል። ትን ያለው ሰው «ማን ስሜን አነሣ?» ይላል። አንድ ጊዜ ብቻ ያጐረሰ ሰው ጠብ እንዳይመጣ ሁለተኛውን ይደግማል። ቡና ሲፈላ ፈንዲሻና ቈሎ ለቆሌ ይበተናል፤ ከአቦሉም ጥቂት ለአድባር በምድር ላይ ይፈስሳል። በዓል ሲደርስ ደግሞ ዶሮው ቀይ ወይስ ገብስማ ይሁን ተብሎ ወደ አዋቂ ቤት የሚሄድ አለ።

እነዚህን ሁሉ በአንድ ሚዛን መመዘን አይገባም። እናቶቻችን ያወረሱንን ሁሉ «ባዕድ አምልኮ» ብሎ መንቀፍ ስንዴውን ከእንክርዳዱ ጋር መንቀል ነው፤ ሁሉንም «ባህል ነው» ብሎ መተውም እንክርዳዱን ከስንዴው ጋር መፍጨት ነው። ስለዚህ በአራት ከፍለን እንመልከተው።

አንደኛው፥ ምክንያቱ የተረሳ በጎ ልማድ ነው። ሊጥንና ወተትን መክደን መልካም ነው፤ የሚከለክለው ግን የሰውን ዐይን ሳይሆን ዝንብንና አቧራን ነው፤ ዝንብ ከቆሻሻ ወደ ምግብ ደዌ ይዞ ይመጣልና። ማታ አለመጥረግም በኩራዝ ብርሃን ይኖሩ ለነበሩ ሰዎች ማስተዋል ነበረ፤ በጨለማ የወደቀ ቀለበት ወይም መርፌ ከጥራጊው ጋር ይጣላልና። የጠላውን ጋን በግራዋ ማጠብና በወይራ ጢስ ማጠን ሰይጣን ያባርራል የሚሉ አሉ፤ ጢሱ ግን ጠላ የሚያበላሹትን ረቂቃን ሕዋሳት ይቀንሳል፤ ለመጠጡም መዓዛ ይሰጠዋል። ድስት የሚልስ ሕፃን ዝናብ እንዲፈራ መደረጉም የጋለ ድስት እንዳይነካና የሌላውን ድርሻ እንዳይወስድ ይጠቅማል። የወደቀውን ፍርፋሪ አንሥቶ መሳም፥ «እህል አይረገጥም» ማለትም እጅግ ያማረ ትምህርት ነው። ጌታችን አምስት ሺሁን ሕዝብ ካጠገበ በኋላ የተረፈው ቍርስራሽ እንዳይጠፋ እንዲሰበሰብ አዝዞ አሥራ ሁለት መሶብ የሞላው በዚሁ መንፈስ ነው (ዮሐ. 6፥12-13)። እንዲህ ያለውን ልማድ አጽንታችሁ ያዙት፤ ለልጆቻችሁ ስትነግሩ ግን ፍርሀቱን ትታችሁ ምክንያቱን ንገሩ።

ሁለተኛው፥ ወግና ጨዋታ ነው። ትን ሲል «ማን አነሣኝ?» ማለት፥ ጉርሻውን መድገም፥ ሰው የሚጎዳበት ነገር አይደለም። ጉርሻ ሲደገም ፍቅር ይጨምራል፤ ስለዚህ ማንንም ከመድገም አልከለክልም። ቡናም እንዲሁ ነው። አቦልና በረካ የተባሉት ስሞች ከዐረብኛ የመጡ ናቸው፤ አቦል መጀመሪያ፥ በረካ በረከት ማለት ነው። «በረካውን ሳይጠጡ መሄድ በረከት ያስቀራል» የሚለው አባባል፥ ጎረቤት ተቻኵሎ እንዳይነሣ፥ የታመመ እንዲጠየቅ፥ የተጣላ እንዲታረቅ ጊዜ ይሰጣል። ይህን በተናገርሁ ጊዜ አንድ ነገር ልጨምር። ቡና ራሱ በቀድሞው ዘመን በብዙ ካህናት ዘንድ የተነቀፈ ነበረ፤ የእስላም መጠጥ ነው ይባል ነበርና። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው በመጠጣታቸው፥ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም ያንን አስተያየት በማስወገዳቸው፥ ፍርሀቱ ቀስ በቀስ ጠፋ። እኛ ካህናትም ያለ ምክንያት የፈራነው ነገር እንደ ነበረ አንርሳ።

ሦስተኛው፥ የነገርን ምክንያት ካለቦታው መፈለግ ነው። ይህ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ጉዳቱ ግን ብዙ ነው።

የጤፍ ሊጥ እርሾ ገብቶበት የሚቦካው በዐይን የማይታዩ ሕያዋን ስለሚሠሩበት ነው። እነርሱም ሙቀት ይወዳሉ። በሐምሌና በነሐሴ ብርድ ሥራቸው ይዘገያል፤ በበጋ በሁለትና በሦስት ቀን የሚደርሰው ሊጥ በክረምት ቀን ይጨምራል። አብሲቱ በሚገባ ካልተጣለ፥ ምጣዱም በሚገባ ካልጋለ፥ በሊጡ ውስጥ ያለው አየር ተነሥቶ ዐይን አያወጣም። እንግዲህ እንጀራው ዐይን ያጣው ጎረቤት ዐይን ስላላት አይደለም። ባቄላና ሽምብራ አልበስል ሲል «ድስቱ ተይዟል» የሚሉም አሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተሠራች ከተማ ናት፤ ስለዚህ ውሃ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፥ በእኛ ዘንድ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሙቀቱ ስለሚያንስ ጥራጥሬው ይዘገያል። መድኃኒቱ ማታ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ነው እንጂ ድስቱን ማጠን አይደለም። ምጣድም የሚሰነጠቀው ቀዝቅዞ ሳለ በኀይለኛ እሳት ሲጣደፍ፥ ወይም ግሎ ሳለ ውሃ ሲነካው ነው።

ደግሞ «ምች መታኝ» የሚባል አለ። ከምድጃ ዳር ተነሥቶ ወደ ፀሐይ የወጣ ሰው ከንፈሩ ሲቈስልና ሲያተኵሰው ዳማ ከሴ አሽቶ ያሸታል። ዳማ ከሴ የእግዚአብሔር ፍጥረት ናት፤ ቅጠል ማሽተት ጥንቈላ አይደለም። የከንፈሩ ቍስል ብዙ ጊዜ በሰውነት ውስጥ ተደብቆ ከሚኖር ረቂቅ ተሐዋሲ የሚመጣ ሲሆን፥ ፀሐይና ትኵሳት ይቀሰቅሱታል። ነገር ግን ትኵሳቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ካልለቀቀ፥ ወባም ተስቦም ሊሆን ይችላልና ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ የከሰል ነገር ነው። በብርድ ሌሊት የከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል አስገብቶ የተኛ ቤተ ሰብ ሳይነቃ ሲቀር «ሰይጣን አነቃቸው» ይባላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው የከሰል አየር ሽታ የለውም፤ መልክም የለውም፤ የተኛውን ሰው ሳይሰማው ይገድለዋል። በርና መስኮት መክፈት፥ ምድጃውንም ከመኝታ በፊት ወደ ውጭ ማውጣት ያድናል። ሰይጣን ብለን በተናገርን ቍጥር ሌላው ቤት ደጁን ዘግቶ ከሰሉን ያነድዳል፤ ስለዚህ የተሳሳተ ምክንያት መናገር እንኳ ነፍስ ያጠፋል።

አራተኛው፥ ኃጢአት ነው። እርሱም ሁለት ፊት አለው፤ አንዱ በእግዚአብሔር ላይ ሁለተኛው በባልንጀራ ላይ ነው።

በእግዚአብሔር ላይ የሚሠራው፥ ለቆሌና ለውቃቢ ደም ማፍሰስ፥ በደጃፍ ቅቤ መቀባት፥ አዋቂ በመረጠው መልክ ዶሮና በግ ማረድ ነው። ዶሮ ማረድ ኃጢአት አይደለም፤ በሥላሴ ስም ባርኮ፥ በአሥራ ሁለት ብልት ከፍሎ፥ ለቤተ ሰብና ለድኻ ማቅረብ የተባረከ ነገር ነው። ነገር ግን «ጥቍር ካልሆነ ልጅህ ይሞታል» ብሎ የድኻን ኪስ የሚያራቍት አዋቂ፥ የሚሸጠው ዶሮ ሳይሆን ፍርሀት ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት በብርቱ የታገሉት ይህን የመሰለውን ጥንቈላ ነበረ። ይኸው ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ገና ከማድ ቤታችን አልወጣም።

በባልንጀራ ላይ የሚሠራው ደግሞ «ቡዳ ነው፤ ቡዳ ናት» ማለት ነው። ይህ ስም የሚሰጠው ለማን እንደ ሆነ አስተውሉ። እንጀራ የምንጋግርበትን ምጣድ፥ ወጥ የምንሠራበትን ድስት፥ ቡና የምናፈላበትን ጀበና ለምትሠራው ለሸክላ ሠሪዋ ነው። ሥጋ የምንከትፍበትን ቢላዋ ለሚሠራው ለብረት ሠሪው፥ ማዕዱን የምንሸፍንበትን ጨርቅ ለሚሠራው ለሸማኔው፥ ቍርበት ለሚያለፋው ለፋቂው ነው። በአዲስ አበባ ሰሜን በቀጨኔ የሚኖሩ ሸክላ ሠሪዎች ምጣዳቸው በከተማው ቤት ሁሉ ገብቶ ሳለ፥ እነርሱ ግን በዚህ ስም ብዙ ዘመን ተገፍተዋል። ቀን ሸክላ ሠርተው ማታ ጅብ ይሆናሉ ተብሎ ተወርቶባቸዋል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድበውን የሚገሥጽ ዐዋጅ አወጁ። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ፤ ዐዋጅ ግን አደባባዩን እንጂ ማድ ቤቱን በፍጥነት አይገዛም።

ወንጌልን እንጠይቅ። ጌታችን ሰውን የሚያረክሰው ከውጭ የሚገባው ሳይሆን ከልብ የሚወጣው እንደ ሆነ ሲያስተምር፥ ከልብ የሚወጡትን ክፉ ነገሮች ቈጥሯል (ማር. 7፥21-22)። በዚያ ቍጥር ውስጥ በአማርኛ «ምቀኝነት» ተብሎ የተተረጐመው ቃል በግሪኩ «ክፉ ዐይን» የሚል ነው። እንግዲህ ክፉ ዐይን በወንጌል ዘንድ ያለው በሸክላ ሠሪዋ ፊት ላይ ሳይሆን፥ በባልንጀራው ማግኘት በሚከፋ ሰው ልብ ውስጥ ነው፤ በእኔም በእናንተም ልብ ሊገኝ ይችላል። ደግሞስ ሸክላ ሥራ የሚያሳፍር ከሆነ፥ አዳምን ከምድር አፈር ያበጀው ማን ነው? ነቢዩ ኤርምያስስ የእግዚአብሔርን ቃል ይሰማ ዘንድ የተላከው ወደ ማን ቤት ነው? ወደ ሸክላ ሠሪ ቤት አይደለምን?

ይህን የምናገረው ራሴን ንጹሕ አድርጌ አይደለም። በልጅነቴ በቈሎ ተማሪነት «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልሁ ስለምን፥ አንዳንድ እመቤት እኔን ባየች ጊዜ ሊጧን ፈጥና ትከድን ነበር፤ ተማሪ ድግምት ያውቃል ይባላልና። ፊደልና ዜማ ከመማር በቀር ምንም የማላውቅ ሕፃን ነበርሁ፤ ያ ክዳን ሲከደን ግን ልቤ ይሰበር ነበር። እኔም በተራዬ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ የአንዲት ሸክላ ሠሪ ደጅ ላለማለፍ መንገድ እዞር ነበር። የተፈራሁ ሆኜ ሳለ ሌላውን ፈራሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

አሁን ደግሞ ያየሁትን ልንገራችሁ። ካዛንቺስ ገና ሳይፈርስ ነው። የሰፈሩ ስም በጣልያን ወረራ ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ከሠራው ከጣልያን ድርጅት ስም የመጣ መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። በዚያ ሰፈር በአንድ ግቢ ስምንት አባወራ ይኖር ነበር፤ ውሃውም ማድ ቤቱም የጋራ ነበረ። ከዕለታት አንድ ቀን በክረምት፥ ማታ፥ አንዲት የንስሐ ልጄ ሰው ላከችብኝ። በደረስሁ ጊዜ ቤቱ በጢስ ታፍኖ ነበር፤ የሦስት ዓመት ልጇን ሲያጥኑት ቈይተው ነበርና።

«አባታችን፥ ይድረሱልኝ፤ ልጄን በሉብኝ» አለችኝ።

ማን እንደ በላው ስጠይቃት በእጇ ወደ ግድግዳው አመለከተች። ከግድግዳው ማዶ ሸክላ እየሠሩ የሚሸጡ አንዲት መበለት ይኖሩ ነበር። ሕፃኑ ባለፈው ቀን ከእርሳቸው ቤት እንጀራ በልቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ተቅማጥና ትውከት ያዘው። ጸሎት አደረስሁ። ከዚያም ሕፃኑን ቀርቤ አየሁት። ዐይኑ ጎድጕዷል፤ ከንፈሩ ደርቋል፤ ሲያለቅስ እንባ የለውም።

«ልጄ፥ ይህን ሕፃን ያጠቃው የውሃ ማነስ ነው፤ ጸሎቱ ደርሷል፤ አሁኑኑ ወደ ሐኪም ይሂድ» አልኋት።

እርሷም «ቡዳ የበላውን ሐኪም ያድነዋልን?» አለችኝ። በዚህ ጊዜ በሩ ላይ ኮቴ ተሰማ። መበለቲቱ ነበሩ። ወደ ውስጥ ለመግባት አልደፈሩም፤ ከደጅ ቆመው ሁሉን ሰምተዋል። አንድ ቃል ሳይመልሱ ነጠላቸውን አጣፍተው በዝናቡ ወደ መንገድ ወጡ፤ ታክሲ ይዘው ተመለሱ። ሒሳቡንም ከሸክላው ገንዘብ ከፈሉ።

ሕፃኑ በዚያች ሌሊት በጨውና በስኳር ውሃ፥ በክንዱም በተሰጠው መድኃኒት ዳነ። በኋላ ነገሩ ሲጠየቅ፥ የግቢው ቧንቧ ውሃ ሦስት ቀን ቆሞ ነበር፤ ሕፃኑ ያልተፈላ ውሃ ከጀሪካን ጠጥቷል፤ ከእርሱ በቀር ሌሎች ሁለት ልጆችም ታመው ነበር፤ እነርሱ ግን ከመበለቲቱ ቤት አልበሉም። እናቶች ሆይ፥ ይህን ጻፉት፦ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ስድስት ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ቶሎ ቶሎ በጥቂቱ አጠጡ፤ ወደ ሐኪምም ውሰዱ። ጸሎትና ጠበል ሐኪምን አይከለክሉም፤ ሐኪምም ጸሎትን አይከለክልም፤ ሁለቱም የአንድ አምላክ ቸርነት ናቸው።

ሕፃኑ ከዳነ በኋላ እናቲቱ ሳምንት ሙሉ መበለቲቱን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም። በሚቀጥለው እሑድ ረከቦቷን ተሸክማ ወደ ደጃቸው ሄደች። እኔም ነበርሁ። «እትዬ፥ ይቅር ይበሉኝ» ብላ በእግራቸው ላይ ወደቀች። እርሳቸውም አነሧትና «እኔንም ሰው ሲፈራኝ ሰውን መጥላት ጀምሬ ነበር፤ ሁላችንንም እግዜር ይቅር ይበለን» አሉ። በዚያ ቀን ለአድባር የፈሰሰ ቡና አልነበረም፤ የመጀመሪያው ስኒ የተቀዳው ለመበለቲቱ ነው።

የቂርቆስ ሰፈር ምእመናን ሆይ፥ የደብራችሁን ቅዱስ አስቡ። ቅዱስ ቂርቆስም የሦስት ዓመት ሕፃን ነበረ። እርሱና እናቱ ቅድስት ኢየሉጣ በፈላ ውሃ ጋን ሊጣሉ በቀረቡ ጊዜ የፍላቱ ድምፅ እናቱን አስፈራት፤ ሕፃኑ ግን አጽናናት፤ ቅዱስ ገብርኤልም ፍላቱን አቀዘቀዘላቸው። ይህንን ሐምሌ 19 ቀን በየዓመቱ እናከብራለን። እናቲቱ ከነነደው እሳት ፊት ፍርሀትን ትታ ከሆነ፥ እኛ በገዛ ምድጃችን ዳር የምንፈራው ምንድር ነው?

እንግዲህ ፍርሀት ከማድ ቤት ሲወጣ ስፍራው ባዶ አይቅር። ሊጥ ስታቦኩ አማትቡ። ማዕድ ሲቀርብ አባት ቢኖር አባት፥ ባይኖር እናት፥ ሁለቱም ባይኖሩ ታላቁ ልጅ ይባርክ። የእግዚአብሔር ፍጥረት ሁሉ መልካም እንደ ሆነ፥ በቃሉና በጸሎትም እንደሚቀደስ ሐዋርያው ጳውሎስ አስተምሮናል (1ኛ ጢሞ. 4፥4-5)። ለቆሌ የሚበተነውን ቈሎ በደጅ ለቆመው ድኻ ስጡት። የሰራፕታዋ መበለት ዱቄት ከማድጋው ያልጐደለው ከእንግዳ ስለ ሸሸገችው አይደለም፤ ለእንግዳው አስቀድማ ስለ ጋገረችለት ነው።

በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ ያ ግቢ አብሮ ፈረሰ፤ ስምንቱ አባወራ በከተማው ዳርቻ ተበታተነ። እናቲቱና መበለቲቱም በየፊናቸው ሄዱ። ነገር ግን በወር አንድ ጊዜ፥ በ15 ቀን፥ በቅዱስ ቂርቆስ መታሰቢያ፥ ሁለቱን በደጀ ሰላሙ አያቸዋለሁ። ከቅዳሴ በኋላ በአንደኛዋ ቤት ቡና ይፈላል፤ ለዚያ ሁለት ታክሲ መሳፈር ያስፈልጋል። ልጁም ይከተላቸዋል፤ አሁን ተማሪ ሆኗል። ከማን ቤት እንጀራ እንደሚበላ ማንም አይከለክለውም።

የማዕዳችንን በረከት አያጕድልብን፤ ከክፉ ዐይን፥ ይኸውም ከምቀኝነት፥ ልባችንን ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።